እምነቱስ ከእኛ ነው ወይስ ስጦታ?
«መዳን ስጦታ ነው፤ እምነቱስ ከእኔ ነው ወይ?» ላልከው።

መዳኑ አያከራክርም። ኤፌሶን 2፥8 «ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ብሎ ዘግቶታል። ስለ እምነቱ ግን እኔ የሐዋርያት ሥራ 16ን እመርጣለሁ። ልድያ ቀይ ሐር ሻጭ ናት። በፊልጵስዩስ ከተማ ወንዝ ዳር ከሴቶች ጋር ሆና ጳውሎስን ትሰማለች። ሰሚዋ እሷ ናት። ልቧን የከፈተላት ግን ጌታ ነው ይላል ቁጥር 14። ሁለቱም እዚያው አንድ ጥቅስ ውስጥ! ፊልጵስዩስ 1፥29ም ማመንን ከተሰጡን ነገሮች ይቆጥረዋል (መከራውም አብሮ መሰጠቱን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን)።

ታዲያ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው? ኧረ አይደለም። ሮሜ 10፥17 እምነት ከመስማት ነው ይላል። ስለዚህ ቃሉን ስማ። እምነቴ አነሰብኝ ካልክ ደግሞ፣ ማርቆስ 9፥24 ላይ ልጁን እንዲፈውስለት ኢየሱስን እንደለመነው አባት «አለማመኔን እርዳው» ብለህ ለምነው።