የቢራቢሮ ጥናት ለምትጀምሩ ልጆች

ልጆች፣ አብዛኞቻችሁ ሥራውን የምትጀምሩት ከስርጭት ካርታ፣ ማለትም አንድ ቢራቢሮ የት የት እንደሚገኝ በቀለም ከሚያሳይ ካርታ ነው። አገሩ ሁሉ አንድ ቀለም ተቀብቶ ስታዩ «ይሄማ የታወቀ ነው» ብላችሁ ወደ ብርቅዬው ትሮጣላችሁ። እኔ ግን ከታወቀው ጀምሩ እላለሁ። ለምሳሌ ዳናውስ ክሪሲፑስን ውሰዱ፤ የአፍሪካ ሞናርክም ይሉታል።

የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም የሰጠው ይህ ብርቱካናማ ቢራቢሮ ከሰሃራ በታች ባለው ሣራማ ምድር፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በአረቢያና በደቡብ እስያ ይገኛል። የጥንት ግብፆች ሳይቀሩ ኔባሙን በተባለ ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ ሥለውታል። ከዚህ የበለጠ የታወቀ ከየት ይመጣል?

ነገር ግን መልኩ እንደ አገሩ ይለያያል። የምዕራብ አፍሪካው የኋላ ክንፉ ነጭ ነው፤ በአፍሪካ ቀንድና በአረቢያ የሚበዛው የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቁር የለውም፤ የደቡቡ ጠቆር ይላል። ሁሉም ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ተገናኝተው ይዳቀላሉ። ናይሮቢ አካባቢ ደግሞ ጉድ አለ፦ ብዙዎቹ ሴቶች ስፓይሮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ተሸክመዋል። ባክቴሪያው ወንዶቹን ገና በእንቁላል ሳሉ ስለሚገድል፣ እነዚህ እናቶች የሚወልዱት ሴት ብቻ ነው። ዘሩ እንዲቀጥል ወንድ ከሌላ ቦታ መብረር አለበት። ካርታው ላይ ግን ናይሮቢም እንደ ሌላው ቦታ ያው ቀለም ናት።

ስለዚህ መረብ ከመግዛታችሁ በፊት ተክል ልመዱ። አባጨጓሬው የሚበላው ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያፈስ ተክል ነው፤ እንቁላልና አባጨጓሬ ያገኛችሁበት ቦታ መኖሪያው ነው፣ አንድ ጎልማሳ ሲበር ማየት ግን ያን ያህል አይነግራችሁም።

ያያችሁት ራሱ መሆኑንም አጣሩ። ክሪሲፑስ መርዛማ ተክል በልቶ ሲያድግ ለወፍ የማይጣፍጥ ስለሚሆን፣ ሂፖሊምናስ ሚሲፑስ የተባለው የሌላ ዝርያ ቢራቢሮ ሴት መልኩን ለብሳ ትኖራለች፤ ባሏ ግን ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ነጥብ ያለበት፣ ፈጽሞ የማይመስላት ነው። ይህች ሴት ልምድ ያላቸውን ሰዎችም ታሳስታለች። ከሩቅ የተነሣ ፎቶ አይበቃም፤ የኋላ ክንፉን አቅርባችሁ አንሡና ጥቁር ነጥቦቹን ቁጠሩ። ሚሲፑስ አንድ ብቻ አላት፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ አጠገብ። በክንፉ መካከል ሦስት ካያችሁ የክሪሲፑስ ሴት ናት። አራት ከሆነ ወንድ ነው፤ ትርፉ ነጥብ ሴት የሚስብበት የሽታ ከረጢት ነው። ፆታውን ከቀኑና ከቦታው ጋር ጻፉት።