የትኛው ብሎክ ነበር?

ሰሞኑን አንዲት የሕክምና ተማሪ "ዶክተር፣ ሂፖካምፐስን እስከዚህ ድረስ ማጥናት ምን ያደርግልናል? ፈተና ላይ አይመጣም" አለችኝ። ሂፖካምፐስ ትዝታንና ቦታን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ነው። የዘንድሮ ልጆች ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር አይጥማችሁም። የኛም ዘመን ከዚህ ብዙም አይሻልም ነበር። ጥያቄዋ ግን አክስቴን አስታወሰኝ።

አክስቴ ዕድሜዋን ካዛንቺስ ኖራ፣ በስተርጅና ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገባች። ዳቦ ልትገዛ ወርዳ ስትመለስ የጎረቤት ብሎክ ትገባለች። ፎቁ ልክ ነው፣ በሩም በትክክለኛው በኩል ነው። ሕንፃው ብቻ ሌላ። የሰው በር በቁልፏ ስትታገል ይደርሱባታል። ያቺው ሴትዮ ግን የካዛንቺስን ሰው ከነክርስትና ልጁ ትቆጥርልሃለች። ቡናዋ ደግሞ! ለሦስተኛው ካልቆየህ ትቀየማለች። ልጆቿ "ጃጀች" ብለው ብቻዋን እንዳትወጣ ከለከሏት። ያኔ ሐኪም ነበርኩ። "ዕድሜ ነው" ብዬ አለፍኩ። ይኸው እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሂፖካምፐስ መግቢያው ላይ ዴንቴት ጋይረስ የሚባል ክፍል አለው። ሴሎቹ እጅግ ብዙ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚነቁት ግን ጥቂቶች። ስለዚህ የሚመሳሰሉ ሁለት ቦታዎች ሳይደባለቁ ለየብቻ ይመዘገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኖርዌይ፣ ትሮንድሃይም ውስጥ ተመራማሪዎች አይጦች የሚሮጡበትን ሣጥን ከአራት ማዕዘን ወደ ክብ ቀስ በቀስ ለወጡት። ትንሿ ለውጥ እንኳ የዴንቴት ሴሎችን አነቃቅ ቀየረችው። ቀጥሎ ያለው ሲኤ3 የሚባል ክፍል ደግሞ ከቁራጭ ፍንጭ ተነስቶ የቆየውን ትዝታ ሙሉ አድርጎ ይጠራል። ዕድሜ ሲገፋ ሚዛኑ ወደ ቆየው ያዘነብላል። አክስቴ ካዛንቺስን አልረሳችም፤ ያስቸገራት ብሎክን ከብሎክ መለየት ነው።

መፍትሔው የመጣው ሳይንስ ካልተማረች ጎረቤት ነው። ደረጃው ሥር ጤናዳም ተከለችና "እማማ፣ ጤናዳሙ ያለበት ጋ ይግቡ" አለቻት። በቃ።

እናንተም ስልካችሁ "ወደ ግራ ታጠፍ" ካላላችሁ ሰፈራችሁን አታውቁም። እርግጥ እኔም ዛሬ ያለ ስልክ ሰሚት አልደርስም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። መንገድ የሚጠፋባቸው አረጋዊ ሲመጡላችሁ፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ጠይቃችሁ አትሸኟቸው። የት የት እንደሚምታታባቸው ጠይቋቸው። ድሮ የት ይኖሩ እንደነበርም ጠይቁ። ልጆቻቸውን ሳይሆን ራሳቸውን።