የሚንቋቋ ፓርኬ ሳይነቀል ይጠገናል
ወንድሜ፣ «የሳሎኔ ፓርኬ ሁለት ሦስት ቦታ ሲረገጥ ይንቋቋል፤ ሁሉንም ልንቀለው?» ላልከው፣ በፍጹም አትንቀለው! መጀመሪያ ግን እርጥበት አለመኖሩን አረጋግጥ። ቧንቧ የሚያንጠባጥብ ከሆነ የትኛውም ኮላ አይይዝልህም።

ከዚያ ወለሉን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልክ ምታ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በጠመኔ ክበበው። ጨርሶ የለቀቀውን እንጨት አውጣው። እዚህ ላይ አትቸኩል፦ አሮጌውን ኮላ ከእንጨቱም ከሊሾውም ፍቀህ፣ አቧራውን በደንብ ጠርገህ አዲስ ቀባ። ብዙ ሰው አቧራ ላይ ይለጥፍና ብዙም ሳይቆይ ይነሳበታል።

ባዶ ድምፅ እየሰጠ ግን ያልተነሳውን በቀጭን፣ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ መሰርሰሪያ ብሳው፤ ሊሾው ጋ ስትደርስ አቁም። ቀጠን ያለ የፓርኬ ኮላ በስሪንጅ ግፋበት። የተረፈውን ወዲያው ጥረገው። ላስቲክ አንጥፈህ ከባድ ዕቃ ጫንበት፤ 24 ሰዓት አትንካው። ቀዳዳውን ሰጋቱራ በኮላ ለውሰህ ድፈነው። ምስማር ምታበት የሚልህ ካለ አትስማው፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል።