«ድንጋይ አጥንቶ ምን ይበላል?» ለተባለች የጂኦሎጂ ተማሪ

ውድ እህቴ፣

የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ነሽ፤ ቤተሰቦችሽ እንጅባራ አጠገብ ይኖራሉ፤ አባትሽ «ድንጋይ አጥንቶ ምን ይበላል?» እያሉ ወደ አካውንቲንግ እንድትቀየሪ ይወተውቱሻል፤ ወጪሽን የሚሸፍነው ሪያድ ያለው ወንድምሽም ከእርሳቸው ጋር ነው። ኬሚስትሪ እንደሚከብድሽም ጽፈሻል። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ግን ይህ ነው፦ «ማንም የማይደርስበትን የማንትል ኬሚስትሪ ማጥናት ለደሃ አገር ቅንጦት አይሆንም?»

አይሆንም! ሰው ቆፍሮ የደረሰበት ትልቁ ጥልቀት፣ ሩሲያ ውስጥ ኮላ በተባለ ስፍራ፣ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ማንትል፣ ማለትም ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ወፍራም የድንጋይ ንጣፍ፣ ከአህጉሮች በታች የሚጀምረው በአብዛኛው ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ስለዚህ መልእክተኛው እሳተ ገሞራ የሚያወጣው ድንጋይ ነው፤ እርሱም በደጃችሁ ሞልቷል። የሰሜን ምዕራቡ ደጋ ባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ) ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ፈስሶ የተከመረ ነው። ላሊበላ አካባቢ ያለው በታይታኒየም የበለጸገ ሲሆን ወደ ምዕራብ ሲኬድ መጠኑ ያንሳል፤ ምንጩና የቀለጠበት ሁኔታ አንድ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን። በአንዳንዱ ባዛልታችን ማዕድናት ውስጥ የታሰረው ሂሊየም ደግሞ ከተራው የውቅያኖስ ወለል ባዛልት ይልቅ በሂሊየም-3፣ ማለትም በቀላሉ የሂሊየም ዓይነት፣ የበለጸገ ነው። ምድር ስትፈጠር ጀምሮ በጥልቁ ታምቆ የቆየ ጋዝ ነው። እንጅባራ አካባቢም ጥቁሩን ድንጋይ ስትሰብሪ እንደ ሻካራ ስኳር የሚፈረፈር አረንጓዴ ጉብታ ታገኛለሽ። እርሱ ሳይቀልጥ የወጣ የማንትል ቁራጭ ነው፤ በእጅሽ ልትይዥው ትችያለሽ።

ይህን የሚለካው ሙያ፣ የድንጋይ ኬሚስትሪ (ጂኦኬሚስትሪ)፣ በስምጥ ሸለቆ የሰውን ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ ከየትኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ጉድጓድ ውኃ እንደሚገባ፣ የአሉቶ ላንጋኖ የከርሰ ምድር እንፋሎት ጣቢያ እንፋሎት ምን ይዞ እንደሚወጣም ይለካል። ቅንጦቱ የቱ ላይ ነው?

የአባትሽ የገንዘብ ስጋት እውነተኛ ነው፤ መፍትሔያቸው ግን ስህተት ነው። የሦስት ዓመት ትምህርት ጥሎ እንደገና ከመጀመር የበለጠ ኪሳራ የለም፤ ይህን ወረቀት ላይ አስልተሽ አሳያቸው። ወንድምሽንም አመስግኚው፤ ነገር ግን ገንዘብ መላኩ ሙያሽን የመምረጥ መብት አይሰጠውም። በዚያው ልክ ለማስተርስሽ ከእርሱ አትጠብቂ። ስትመረቂ መጀመሪያ ደመወዝ የሚከፍል የማዕድን ወይም የውኃ ላብራቶሪ ፈልገሽ ግቢ። እኔም ሙያውን ያወቅሁት ናሙና እየፈጨሁና ሚዛን እያስተካከልሁ ነው፤ የነጻ ትምህርት ዕድል ስጠይቅም መሣሪያውን በእጄ መሥራቴ ረድቶኛል።

ኬሚስትሪው በልምምድ ይቀላል።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን በሰፈርሽ ባዛልት ላይ ሥሪ፤ የመጓጓዣ ወጪው ይቀንስልሻል፤ አባትሽም ድንጋዩ የት እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ናሙና ስትወስጂ ዝናብና ፀሐይ የበላውን ውጫዊ ገጽ በመዶሻ አስወግደሽ ያልበሰበሰውን ውስጡን ብቻ ያዥ፤ የበሰበሰው ከተቀላቀለ የላብራቶሪው ውጤት ስለ ማንትል ሳይሆን ስለ አፈር ይናገራል።