ጎረቤቶቼ ሕንዶች ናቸው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ የሕንድ ቤተሰብ ተከራይቶ ከገባ አራት ዓመት ሆነው። አባትየው የፋብሪካ ባለሙያ ነው። ልጃቸው ከልጄ ጋር በአማርኛ እያወራች ትጫወታለች፤ ቡና ሲፈላ ግን የሚጠራቸው የለም። አማቴ «ነገ ለሚሄድ ሰው ምን ያደክምሻል?» ይሉኛል። ለመሆኑ ሕንዶች እንደ አገር ሰው የተቆጠሩበት ቦታ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ልጄ። ጎረቤታችን ኬንያ ምስክር ናት። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወስደውን የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1896 ሲጀምሩ፣ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ያስመጡት ከሕንድ ነበር። አብዛኞቹ ተመለሱ፤ የቀሩትና ከኋላ የመጡት ሱቅ ከፍተው፣ ወልደው ከብደው ኖሩ። የእስያ ዝርያ ያላቸው ኬንያውያን የአገሪቱ 44ኛ ጎሳ መሆናቸው የታወጀው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ! በዑጋንዳ ደግሞ ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 የ90 ቀን ጊዜ ሰጥቶ አባረራቸው። እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ሻንጣ አንጠልጥለው ወጡ።

አማትሽ ያሉትን እኔም ደሴ ተማሪ ሳለሁ ብዬዋለሁ። በ1962 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ ያስተማረን ከኬራላ የመጣ መምህር ነበር። ያን ጊዜ በየጠቅላይ ግዛቱ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ። ጠመኔ የነካው ኮቱን እያራገፈ «ያልገባው ማን ነው?» ይላል። ምሳውን፣ ሩዝ በቆርቆሮ ሳህን፣ መስኮቱ ሥር ብቻውን ይበላል። ላም አምላኪ ነው እየተባባልን ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ መድኃኔዓለም ቅጥር ውስጥ ጫማውን አውልቆ፣ ያለ ነጠላ፣ ከሕዝቡ ጋር ሲያስቀድስ አየሁት። ክርስቲያን ነበር፤ የማላንካራ ቤተ ክርስቲያኑ የእኛዋ ተዋሕዶ እህት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ማናችንም አልጠየቅነውም። ፋሲካ ሳይደርስ ውሉ አልቆ ሄደ፤ አንድም በዓል ቤታችን ሳይገባ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ የሚሄዱበትን ቀን አትቁጠሪ። ቅዳሜ ቡና አፍልተሽ በልጅቷ እናቷን አስጠሪያት። ሥጋና እንቁላል የማይበሉ ሕንዶች ብዙ ናቸውና ምን እንደምትቀምስ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ቆሎ ግን አያስቸግርም። በአቦል አትሸኛት፣ በረካውን ትጠጣ። ስሟንም ጠይቂያትና በስሟ ጥሪያት፤ «ሕንዷ» መባሉ ይብቃ። ባልየውን ዕድር እንዲያስገቡት ለዳኛው ንገሪ። የመጀመሪያውን ስኒ ደግሞ አማትሽ ራሳቸው ያቀብሏት።