መልስ፦ «እህቴ ኢንዶሜትሪዮሲስ አለብሽ ተባለች። ስለ ካንሰር የሚያስፈራ ጥናት አንብቤያለሁ፤ ወደ ካንሰር ይቀየራል?»

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም ነው፤ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኞቹ ሴቶች ላይም ወደ ካንሰር አይቀየርም። እህትሽ በፍርሃት ብቻ እንቁላል ማምረቻዋን ለማስወጣት አትቸኩል።

ያነበብሽው ጥናት ግን እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ነው፤ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ያሉ ሴቶችን አይቶ ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸው ከሌለባቸው ይልቅ በእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ወደ 4 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። አዎ፣ ያስደነግጣል። በሰው ሲቆጠር ግን ከ10,000 ሴቶች መካከል 10 ያህል ተጨማሪ ታማሚዎች ማለት ነው።

ልዩነቱ ያለው በዓይነቱ ላይ ነው። ወደ ውስጥ ጠልቆ የገባ ወይም እንቁላል ማምረቻ ላይ ሲስት (ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) የሠራ ከሆነ እጥፉ ወደ 10 ይጠጋል። ስለዚህ የአልትራሳውንድ ወረቀቷን አውጪና እይው። «ኢንዶሜትሪዮማ» ወይም «ቸኮሌት ሲስት» የሚል ካለ ክትትሏን እንዳታቋርጥ። ከዳር እስከ መሀል ከተማ መመላለሱ እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ትሂድ። ሲስቱ ካደገ፣ ውስጡ ጠጣር ነገር ከታየ ወይም ሆዷ ተነፍቶ አልጎድል ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቅ የማህፀን ሐኪም ትይ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የምሠራው ኮዬ ፈጬ፣ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። «ሲኤ 125 ከፍ አለብኝ» ብለው ወረቀቱን ጨብጠው የሚያለቅሱ እናቶች አያለሁ። ይህ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ሲጠረጠር የሚታዘዝ የደም ምርመራ በኢንዶሜትሪዮሲስም፣ በወር አበባም ከፍ ይላል። ለብቻው ካንሰር ነው አያሰኝም። በወር አበባዋ ሰሞን ደም አትስጥ፤ ውጤቱንም ሐኪሟ ከአልትራሳውንዱ ጋር አብሮ ይየው።