ይቅር ብያታለሁ፤ ታዲያ ለምን እንቀጠቀጣለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሳውዲ ዓረቢያ አራት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖሬአለሁ። ማዳሜ ማታ ማታ ክፍሌን በላዬ ላይ ትቆልፍ ነበር። ልትመታኝ ስትመጣ መጀመሪያ የምሰማው የቁልፎቿን ድምፅ ነው። የሰባት ወር ደመወዜንም አልከፈለችኝም። ከተመለስኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ንስሓ ገብቻለሁ፣ እሷንም ከልቤ ይቅር ብያታለሁ። ጸበል ስጠመቅ ሰላም አገኛለሁ። ግን ሌሊት እየጮኽኩ እነቃለሁ። ማኅሌት ላይ ጸናጽል ሲንሿሿ ደግሞ ላብ ያጠምቀኛል፣ ሮጬ እወጣለሁ። ጎረቤቶቼ «ጸናጽል የሚረብሸው ርኩስ መንፈስ ነው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነው። እውነት ይቅር ብያት ቢሆን ኖሮ አይረሳኝም ነበር? ስለዚህ ከቁርባን ርቄአለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ አልነግርሽም፤ እንደማታጓድይ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። በበደለችሽ ሴት ፈንታ ራስሽን ከሰሽ፣ ራስሽ ፈርደሽ፣ ከቅዱስ ቁርባንም ራስሽን ከልክለሻል።

«ይቅር ያለ ይረሳል» የሚለውን አባባል ስንቱ ምእመን እንደ ወንጌል ቃል ይዞት አይቻለሁ። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳውዲ ሲመለሱ ይህን ጥያቄ የጠየቁኝ እኅቶች ብዙ ናቸው። አንዷን የካውያ ሽታ ያስጮኻታል። ሌላዋ አሳንሰር ውስጥ መግባት አትችልም። ሁሉም «ይቅርታዬ አልሠራም ማለት ነው?» ይላሉ።

ዮሴፍን አስቢው። ወንድሞቹ ሸጡት። በሰው አገር ባሪያ ሆነ፣ ታሰረ። ኋላ ተሾመና የበኵር ልጁን ምናሴ ብሎ ጠራው፤ እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ሲል ነው (ዘፍ. 41፥51)። ተረሳው ብለን እናስባለን። ግን ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ መጥተው ድምፃቸውን ሲሰማ ዞር ብሎ አለቀሰ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ እልፍኙ ሮጦ ገብቶ አለቀሰ። አየሽ፣ እሱም እንዳንቺ ሮጦ ወጥቷል! ከዚያ ይቅር አላቸው፣ አቅፎ ሳማቸው። አባታቸው ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሲሞት ወንድሞቹ «ይቅር በለን» ብለው ላኩበት። ዮሴፍ ያኔም አለቀሰ (ዘፍ. 50፥17)። 17 ዓመት ሙሉ አብሯቸው በልቶና ልጆቻቸውን መግቦ፣ ነገሩ ሲነሳ እንባው መጣ። ዮሴፍ ይቅር አላለም የሚል አለ?

ይቅርታ የፈቃድ ነገር ነው። በቀልን ለእግዚአብሔር ትተሽ ክፉ አለመመኘት ነው። ያንን አድርገሻል። መንቀጥቀጡ ግን በፈቃድሽ የሚመጣ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ ሰውነትሽ ብረት ከብረት ሲጋጭ ዱላ እንደሚከተል ተምሯል። ትምህርቱ ያኔ ጠቅሞሻል፤ ቀድመሽ እንድትጠነቀቂ አድርጎሻል። አሁን አገርሽ ብትገቢም ሰውነትሽ ገና አላመነም። ጸናጽሉን ሲሰማ ቁልፉን ይሰማል። ባለሙያዎች ይህን ትራውማ ይሉታል። ቁስል ነው። ቁስል ደግሞ ንስሓ አይገባበትም፤ ይታከማል።

ስለ መንፈሱም ልበል። ቤተ ክርስቲያናችን የርኩስ መንፈስን ፈተና አትክድም፣ እኔም አልክድም። ግን ጸበል ሰላም የሚሰጥሽን ልጅ በጸናጽል ድምፅ ብቻ «መንፈስ አለብሽ» ማለት ድፍረት ነው። እንዲህ ያለ ቃል በቁስል ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል። ጎረቤቶችሽ በቅንነት ብለውት ይሆናል፤ አንቺ ግን አትቀበዪው።

ከቁርባን ስለ መራቅሽ፣ ሄደሽ ለንስሓ አባትሽ ይህንኑ የጻፍሽልኝን ንገሪያቸው። ይቅር ካልሽ፣ መንቀጥቀጥሽ ከሥጋ ወደሙ የሚያግድ በደል አይደለም። ደግሞም የተደረገብሽን ሁሉ አንድ በአንድ ለማንም የመዘርዘር ግዴታ የለብሽም። «ለጉባኤው መስክሪ» የሚልሽ ቢመጣ፣ ከልብሽ ካልሆነ እምቢ በይ። ሳይዘጋጁ ማውራት የሚያምማቸው አሉ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጉደል የሚመስለው ሰውም ብዙ ነው። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው ጸበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ በይፋ አስተምረዋል። ቅዠቱና ድንጋጤው ከወር ሲያልፍ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል፤ አንቺ ሁለት ዓመት ተሸክመሽዋል። አዲስ አበባ ከሆንሽ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። አማኑኤል ማለት ማበድ ማለት አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣም ይታከምበታል። ከስደት ተመላሽ ሴቶችን የሚደግፈው አጋር ኢትዮጵያም አለ። ጸበልሽንም አትተዪ፤ አብረው ይሄዳሉ።

የቀረብሽን ደመወዝ መጠየቅም ይቅርታሽን አያፈርስም። ቅዱስ ጳውሎስ ያለ ፍርድ ሲገርፉት ገዢዎቹ ራሳቸው መጥተው ያውጡን ብሏል (ሐዋ. 16፥37)። መብቱን ጠይቋል፣ ቂም ግን አልያዘም።

ይህን የምታነቡ ቤተሰቦችም አላችሁ። «አሁንማ አገርሽ ገብተሻል፣ እርሺው» አትበሏት። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻ አቀረበለት፣ ውኃ ሰጠው፣ እንደገና እንዲተኛ ተወው (1ኛ ነገ. 19)። እናንተም ሌሊት ስትጮህ መብራት አብሩላት። ውኃ ስጧት። ስሟን ጠርታችሁ የት እንዳለች ንገሯት።

አንቺም እኅቴ፣ ከማኅሌት ጨርሰሽ አትቅሪ። ባለሙያውንም አማክሪው፣ በራስሽ ፍጥነት፣ ቀስ እያልሽ ነው የምትሄጂው። መጀመሪያ የምታምኛትን አንዲት እኅት ይዘሽ ድምፁ ከሩቅ ብቻ የሚሰማበት ከግቢው ዛፍ ሥር ቁሚ። ዓይንሽን ገልጠሽ ቆዪ፣ እጇን ያዢ። ከበዛብሽ ውጪ፤ በመውጣትሽ የሚቆጥርብሽ የለም። በሌላ በዓል ትንሽ ቀረብ በይ። ጸናጽሉ ሲንሿሿ በሩ ክፍት መሆኑን ዞረሽ እዪ።